የሐረር በሮችና የዛሬ ኬላዎቻችን

ነጋዴ በርን የሚያይበት ዐይን ከሌላው መንገደኛ የተለየ ነው። ሌላው መንገደኛ ወደ አንድ ጥንታዊ ከተማ ሲገባ የግንቡን ቁመትና የድንጋዩን አሠራር ተመልክቶ ያደንቃል፤ ነጋዴ ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው። በሩ የሚከፈተው በስንት ሰዓት ነው? የሚከፈለው ምን ያህል ነው? ከተከፈለስ በኋላ ዕቃው በደኅና ያድራልን? በዚህ ሳምንት ስለ ሐረር በሮች ጥቂት ቃል ለክቡራን አንባቢዎቻችን ለማቅረብ ያሰብነው፣ የእነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መልስ ከዚያ ጥንታዊ ግንብ ፈልገን፣ ዛሬ በንግድ መንገዳችን ላይ ከቆሙት ኬላዎች ጋር ለማመዛዘን ነው።

ሐረር ከባሕር ርቃ በደጋ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ብትሆንም ኑሮዋ የባሕር በር ከተማ ኑሮ ነበር። ወደ ዘይላና ወደ በርበራ የሚወርዱት የግመል ጓዞች መነሻና መድረሻ እርስዋ ነበረች። ዘይላም በበኩልዋ በግንብ የታጠረችና እንደ ሐረር አምስት በሮች የነበሩዋት የባሕር ዳርቻ ከተማ ስለ ነበረች፣ ከመርከብ የወረደው ዕቃ በአንዱ ቅጥር በር ወጥቶ በሌላው ቅጥር በር ይገባ ነበር ማለት ነው። ጀጎል የሚባለውን የሐረርን ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው። የግንቡ ዙሪያ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፣ በውስጡ ያቀፈው መሬት 48 ሄክታር ያህል ይሆናል። ዩኔስኮም በ1998 ዓ.ም. ከዓለም ቅርሶች መካከል መዝግቦታል።

ጥንታውያኑ በሮች አምስት ናቸው። አስመዲን በሪ ወይም ሸዋ በር ወደ ምዕራብ፣ በድሮ በሪ ወይም ቡዳ በር ወደ ደቡብ፣ ሱቁጣጥ በሪ ወይም ሰንጋ በር ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ አርጎብ በሪ ወይም ኤረር በር ወደ ምሥራቅ፣ አሱም በሪ ወይም ፈላና በር ወደ ሰሜን ይመለከታሉ። በሐረሪ ቋንቋ በሪ ማለት በር ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ሳይነገረው ያውቀዋል። የከተማይቱ ጥንታውያን ሰፈሮችም በእነዚሁ በሮች የተከፈሉ ናቸው። ስድስተኛው፣ መኪና የሚያስገባው ሐረር በር፣ በኋላ ዘመን የተከፈተ ነው።

ለሥራ ጉዳይ ወደ ሐረር የሚሄድ ነጋዴ ብዙውን ጊዜ በዚሁ በስድስተኛው በር በመኪና ገብቶ፣ ፈረስ መጋላ ወርዶ፣ ጉዳዩን ጨርሶ ይመለሳል። እኛ ግን ግማሽ ቀን ቢተርፈው ግንቡን በውጭ በኩል በእግሩ እንዲዞርና ከጥንታውያኑ በሮች በአንዱ እንዲገባ እንመክረዋለን። ያን ጊዜ የከተማይቱ አሠራር በግልጽ ይታየዋል። ከየበሩ የሚነሣው ዋና መንገድ ወደ መካከል ይወጣል፤ በመካከልም ትልቁ ገበያ፣ ግድር መጋላ፣ ይገኛል። ስለዚህ ወደ ከተማይቱ የሚገባ ሸክም ሁሉ ከበሩ ተቈጥሮ ወደ ገበያው የሚደርስበት መንገድ የታወቀ ነበር። ከሸዋ በር ውጭ ዛሬም ገበያ ይቆማል፤ ግንቡ ከተሠራ አራት መቶ ዓመት አልፎት ሳለ ገበያ ከበሩ አጠገብ አልራቀም።

በአሚሮቹ ዘመን የበሩ ሕግ እንዴት እንደ ነበር በዘመኑ ካዩት የውጭ አገር ሰዎች አንዱ፣ እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን፣ ጽፎ አስቀርቶልናል። ይህ ሰው ከዘይላ ተነሥቶ በ1847 ዓ.ም. ሐረር ገባና አሥር ቀን ያህል ተቀመጠ። እንደ ጻፈውም፣ ማታ በሮቹ ይዘጉና ቁልፎቹ ወደ አሚሩ ይወሰዱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ድረስ ከከተማይቱ የሚወጣ ነገር አልነበረም። እንግዲህ ለነጋዴው ይህ ነገር ምን ማለት እንደ ሆነ እናስብ። ቡናውን፣ የዝሆን ጥርሱን፣ ቆዳውን፣ ወይም በሐረር ሸማኔ የተሠራውን ልብስ ይዞ በዚያች ከተማ ያደረ ሰው፣ ሌሊት ዕቃው በስርቆት ከቅጥሩ እንዳይወጣ ዋስ የሚሆነው ራሱ የአገሩ ገዢ ነበር። ቁልፉ በገዢው እጅ ካደረ፣ የጠፋው ዕቃ ጥያቄም በገዢው ላይ ያድራል። በበሩ ላይ የሚከፈለው ቀረጥ ምክንያት ያገኘው በዚህ ነው።

ይህን ስንል የቀድሞው ዘመን ሁሉ መልካም ነበር ለማለት አይደለም። በእነዚያው በሮች በሰንሰለት የታሠሩ ባሮች ለሽያጭ ወጥተዋል፤ የውጭ አገር ሰውም በነጻነት አይገባባቸውም ነበር። የአሚሩ ፈቃድ ሕግ ስለ ነበረ፣ በፈቃዱ የሚደረገው ሁሉ ትክክል ነበር ብሎ የሚከራከር የለም። ሆኖም ስለ በሩ ያነሣነው አንድ ነጥብ አይለወጥም። በሩ የት እንደ ሆነ፣ የሚያዝበት ማን እንደ ሆነ፣ መቼ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ፣ ለማንኛውም ሰው የታወቀ ነበር። ነጋዴ የከበደውን ቀረጥ እንኳ ይችለዋል፤ የማይችለው ያልታወቀውን ቀረጥ ነው።

ግንቡን በሚገባ የሚመለከት ሰው ከታላላቆቹ በሮች ሌላ፣ ከታች በድንጋዩ መካከል የተተዉ ትንንሽ ቀዳዳዎችን ያያል። እነዚህ ወራባ ኑዱል የሚባሉት የጅብ ቀዳዳዎች ናቸው። ጅቦች ሌሊት በእነርሱ እየገቡ የከተማይቱን ጥራጊ እንዲበሉ ሆን ተብለው የተተዉ ናቸው። የሐረር ሰዎች ይህን ያደረጉት ለጅቡ ብቻ ነው። ለሰውና ለንግድ ዕቃ የተሠራው በር ከፍ ያለና በቀን ብርሃን የሚታለፍበት ነው። እኛ ዛሬ የበሩን ዋጋ ካስወደድነውና ካበዛነው ግን፣ ቀና ብሎ በበር ይገባ የነበረው ዕቃ አጎንብሶ በጅብ ቀዳዳ መግባትን ይማራል። ኮንትሮባንድ ከሚወለድባቸው ስፍራዎች አንዱ ይህ ነው። በሕግ የሚነግደው ሰው አምስት ጊዜ ከፍሎ፣ በሌሊት የሚያሳልፈው አንድ ጊዜ ብቻ ጉቦ ሰጥቶ ወደ አንድ ገበያ ቢደርሱ፣ በዋጋ ማን እንደሚያሸንፍ ለባለሱቅ መንገር አያሻም።

ሐረር ሌላም ትምህርት አላት። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በመጀመሪያው አሳብ ሐረር እንዲደርስ ታቅዶ ነበር። ነገር ግን ወደ ደጋው ለማውጣት ወጪው ስለ በዛ፣ ሐዲዱ በቆላው በኩል ዞሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። የሐረርን ግንብ ማንም አላፈረሰውም፣ በሮቹንም ማንም አልዘጋቸውም። ብዙው የወጪና የገቢ ንግድ ግን ሐዲዱን ተከትሎ ወደ ድሬዳዋ ወረደ። ያ የተራራ ነገር ስለ ነበረ በማንም አይፈረድም። ይሁን እንጂ ንግድ እግር እንዳለው፣ ወጪ በበዛበት በኩል ማለፉን ትቶ ሌላ መንገድ እንደሚፈልግ፣ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም። ተራራን እግዜር ሠራው፤ ኬላን ግን የምንሠራው እኛው ነን።

በር የሚባለው ነገር ግንብ ባለበት ከተማ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በደጋው አገራችን በር ማለት ብዙውን ጊዜ በሁለት ገደል መካከል የምትገኝ ጠባብ ማለፊያ ናት። በጋይንት በኩል ያለውን የጨጨሆን በር ለዚህ ምሳሌ አድርገን መጥቀስ እንችላለን። ከነፋስ መውጫ ወደ ጋሸና የሚጓዝ ሰው የሚያልፍበት ይህ ስፍራ ከጥንት ጀምሮ ከበጌምድር ወደ ዋድላ መሸጋገሪያ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፋቸውን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ የሄዱት በዚሁ አቅጣጫ፣ መንገዱን እያስጠረጉና ድንጋዩን እያስፈለጡ ነበር። እንዲህ ያለውን ጠባብ ማለፊያ የያዘ ባላባት ግንብ ሳይሠራ ባለበር ይሆናል። የቀድሞ ሲራራ ነጋዴዎችም ከአንዱ ገዢ አገር ወደ ሌላው ሲሻገሩ በየበሩ ኬላ እያገኙ በየኬላው ይከፍሉ ነበር። የሐረሩ በር አንድ ከተማን ያስገባል፤ የደጋው ኬላ ግን መንገዱን ይቈራርጠዋል። ልዩነቱ ይህ ነው።

ከዚያው ከጋይንት ሳንወጣ ለዚህ ችግር መድኃኒት የሚሆን አንድ ሥርዓት እናገኛለን። ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ እንደ ሆነች የማያውቅ የቤተ ክርስቲያን ሰው የለም። በየአገሩ ድጓ ሲማር የኖረ ደቀ መዝሙር ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ ቤተ ልሔም ይሄዳል፤ እዚያ ካለው መምህር ፊት ቀርቦ ተፈትኖ ያስመሰክራል። ከዚያ ያስመሰከረ መሪጌታ ወደ ሸዋ ቢወርድ፣ ወደ ትግራይ ቢወጣ፣ ወደ ሐረር ቢሻገር፣ በደረሰበት ደብር ሁሉ ድጓውን እንደ ገና ከሀሌታው ጀምሮ ቁጠርልን የሚለው የለም። ፈተናው አንድ ጊዜ ነው፤ ከባድ ነው፤ የፈተነውም የታወቀ ነው። ስለዚህ ምስክርነቱ በሁሉም ዘንድ ይከበራል። በየደብሩ በር ሁሉ ዳግመኛ የሚፈተን ቢሆን ኖሮ መሪጌታው ዕድሜውን በመፈተን ይጨርስ ነበር፤ የሚያስተምርበትም ጊዜ አይተርፈውም ነበር።

እንግዲህ የዛሬውን የንግድ መንገዳችንን በዚህ ሚዛን እናስቀምጠው። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የራስዋ የባሕር በር የላትም፤ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ከዘጠና በመቶ የሚበልጠው በጅቡቲ በኩል ይገባል። አስመጪው በወደብ፣ በድንበርና በደረቅ ወደብ የሚገባውን ሁሉ ከፈጸመ በኋላ፣ ዕቃው ወደ መካከለኛው አገር ሲጓዝ በየመንገዱ ገመድ ይዘረጋበታል። ላኪውም ሰሊጡን፣ ቡናውን ወይም ቦሎቄውን ከገጠር ሰብስቦ ሲያወጣ፣ ባለሱቁም ከአንዱ ክልል ገበያ ጤፍና ባቄላ ገዝቶ ወደ ሌላው ሲያጓጉዝ ይኸው ይገጥመዋል። አንዳንዱ ኬላ በሕግ የቆመና ሥራውን የሚያውቅ ነው፤ ሰነድ ያያል፣ ይፈትሻል፣ ያሳልፋል። አንዳንዱ ግን በማን ትእዛዝ እንደ ቆመ፣ የሚያስከፍለው በየትኛው ደንብ እንደ ሆነ፣ ገንዘቡም ወዴት እንደሚገባ የሚነግር ወረቀት የለውም። ዛሬ ያለፈው መኪና ነገ ይቆማል፤ ጠዋት የተጠየቀው ሒሳብ ማታ ይለወጣል።

ጉዳቱን ለማየት ረጅም ሒሳብ አያስፈልግም። ለአብነት ያህል፣ አንድ መቶ ኩንታል እህል የጫነ መኪና በአራት ስፍራ ቆሞ በእያንዳንዱ ሺህ ብር ቢከፍል፣ በኩንታሉ ላይ 40 ብር ተጨመረ ማለት ነው። መኪናው በመቆሙ ምክንያት አንድ ሌሊት ተጨማሪ በመንገድ ቢያድር የሹፌሩ አበል፣ የመኪናው ኪራይና የጥበቃው ዋጋ ይታከልበታል። ይህ ሁሉ በመጨረሻ የሚወድቀው በሁለት ሰዎች ላይ ነው፤ በአንድ በኩል እህሉን በርካሽ በሚሸጠው ገበሬ ላይ፣ በሌላው በኩል ዱቄቱን በውድ በምትገዛው የከተማ እናት ላይ ነው። በመካከል ያለው ነጋዴም ያልበላው ዕዳ ይቈጠርበትና ‹‹ነጋዴው አስወደደው›› እየተባለ ይታማል።

በዚህ ነገር የሕጉ ቃል ግልጽ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 በክልሎች መካከል የሚደረገውን ንግድና የውጭ ንግድን የመምራት ሥልጣን ለፌዴራሉ መንግሥት ሰጥቷል። ይህም ማለት መንገዱ አንድ፣ ገበያውም አንድ እንዲሆን ታስቧል ማለት ነው። ከውጭም ብንመለከት፣ በየካቲት 2009 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የዓለም የንግድ ድርጅት የንግድ ማሳለጫ ስምምነት፣ ከገቢና ከወጪ ዕቃ ጋር በተያያዘ የሚጠየቅ ክፍያ አስቀድሞ ለሕዝብ እንዲገለጥና ከተሰጠው አገልግሎት ዋጋ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አገራችን ወደዚህ ድርጅት ለመግባት ማመልከቻዋን ያቀረበችው በ1995 ዓ.ም. ነው። ለውጭው ገበያ የምንቀበለውን ሥርዓት ለራሳችን ገበሬና ነጋዴ ልንነፍገው አይገባም።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ እንዳለ እናውቃለን፤ ቀላልም አይደለም። የጸጥታው ኃላፊ፣ ‹‹ኬላው ቢነሣ የጦር መሣሪያና ኮንትሮባንድ እንደ ልቡ ያልፋል፤ በሌሊት የሚዘረፈውን መኪናስ ማን ይጠብቀዋል?›› ይላል። የወረዳው ሹምም፣ ‹‹መንገዱ በእኔ አገር ያልፋል፤ አቧራውን የሚበላው የእኔ ሕዝብ ሲሆን ጥቅሙ የሌላ ነው›› ይላል። ለፊተኛው መልሳችን፣ ኬላ ሁሉ ይነሣ አላልንም፤ ስለ ደኅንነት የቆመ ኬላ ስለ ደኅንነት ይቁም ነው። የቤተ ልሔም ምስክርነት የሚከበረው ፈተናው ስለ ቀለለ ሳይሆን ስለ ጠበቀ ነው። ዕቃው በተጫነበት ስፍራ ፍተሻው ይጥበቅ፣ ይታሸግ፣ ሰነዱም ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ ማኅተሙ እስካልተነካ ድረስ ያለ ዳግም ክፍያ ይለፍ። ለሁለተኛው መልሳችን፣ የወረዳው ጥያቄ ተገቢ ነው፣ የመክፈያው ስፍራ ግን መንገዱ አይደለም ነው። ወረዳው በግዛቱ ከሚሠራው ሱቅ፣ መጋዘንና ወፍጮ በደንብ ግብር ይሰብስብ፤ መንገዱ ክፍት ሲሆን እነዚሁ ይበዙለታል፤ መንገዱ ሲዘጋ ግን የሚተርፈው ገመዱ ብቻ ነው።

ስለዚህ አስተያየታችንን በአራት ነጥብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ በማንኛውም የንግድ መንገድ ላይ የሚቆም ኬላ ሁሉ ያቆመውን መሥሪያ ቤት ስም፣ የሚፈትሸውን ነገር፣ ክፍያ ካለውም የክፍያውን ልክና የሕጉን ቁጥር በሰሌዳ ጽፎ በግልጽ ይለጥፍ። ሁለተኛ፣ አንድ ጊዜ በሕግ የተከፈለ ክፍያ ደረሰኙ በመንገዱ ሁሉ ይከበር። ሦስተኛ፣ ክፍያ የሚቀበል ኬላ ኃላፊነትም ይቀበል፤ በሐረር ቁልፉን የወሰደው አሚር ሌሊቱንም እንደ ወሰደ ሁሉ፣ ገንዘብ የተቀበለ ኬላ በጥበቃው ክልል ለሚጠፋው ዕቃ ተጠያቂ ይሁን። አራተኛ፣ ያለ ሕግ የቆመው ይነሣ።

አራቱም በመንግሥት ላይ የሚጣሉ ናቸው ብለን እጃችንን አጣጥፈን ብንቀመጥ ግን እውነተኞች አንሆንም። ከእኛ መካከል ለመቸኰል ሲል ያለ ደረሰኝ የሚከፍል፣ የጫነውን አሳንሶ የሚያስጽፍ፣ ባለ ማኅተሙን ጭነት በመንገድ የሚፈታ ሰው እስካለ ድረስ፣ ፈታሹ ‹‹አላምናችሁም›› ቢለን መልስ የለንም። ያለ ደረሰኝ የሚሰጥ ብር ሁሉ ለሚቀጥለው ነጋዴ አዲስ ኬላ ይሠራለታል። ምስክርነቱ እንዲከበርለት የሚሻ ተማሪ አስቀድሞ ድጓውን ማወቅ እንዳለበት ሁሉ፣ ማኅተሙ እንዲከበርለት የሚሻ ነጋዴም አስቀድሞ ሰነዱን የእውነት ማድረግ አለበት።

ከዚህ የተነሣ ለምክር ቤታችን አባሎች የምናቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። እያንዳንዱ አስመጪ፣ ላኪና ባለሱቅ፣ መኪናው በቆመበት ስፍራ ሁሉ ቀኑን፣ የቦታውን ስም፣ የተጠየቀውን ገንዘብ፣ ደረሰኝ መሰጠቱንና አለመሰጠቱን፣ የጠፋውንም ሰዓት በአንድ መዝገብ ጽፎ በየወሩ መጨረሻ ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ያስረክብ። ወሬ ለሹም ቢነገር ወሬ ሆኖ ይቀራል፤ ቀንና ቁጥር የያዘ መዝገብ ግን መልስ ይጠይቃል። ጽሕፈት ቤቱም የነጋዴዎቹን ስም ሳይገልጥ ጠቅላላውን አስልቶ ለክልሎቹና ለፌዴራሉ መሥሪያ ቤቶች ያቅርብ፤ የተሰጠውንም መልስ በዚሁ ጋዜጣ ላይ ያውጣው። የመጀመሪያው መዝገብ በሚመጣው ወር መጨረሻ ይጠበቃል፤ ጽሕፈት ቤቱ የሚሞላውን ቅጽ አዘጋጅቶ ለየአባሉ እንዲልክ ከወዲሁ እናሳስባለን።